በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የደረሰብን

አጎቴ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሳ፣ ቀድመው «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚሉ ሰው ነበሩ።

ባለፈው ሰመር እኔና እሳቸው አልጋ ያለው ካምፐር መኪና ተከራይተን ከቶሮንቶ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ወጣን። አጎቴ ገደሉንና ውሃውን እያዩ ሲደሰቱ፣ እኔ እየነዳሁ ቴክስት ሳነብ አንድ ግዙፍ አጋዘን ገጨሁ። መስታወቱ ፊታችን ላይ ፈነዳ፤ ቀንዱ ገብቶ የአጎቴን ትከሻ ወጋው። አጋዘኑ አስፋልቱ ላይ ደም እየተፋ፣ እየተንፈራገጠ ሞተ።

ፖሊስ ሲመጣ አጎቴ ትከሻቸውን እንደያዙ፣ «ሐይቁን እይ ብዬ ያዘናጋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ባለቤታቸው «በወሬህ ልጁን ልታስጨርሰው ነበር!» እያሉ አጎቴ እስከሞቱበት ቀን ድረስ ተቆጧቸው። አጎቴ አንድም ቀን እውነቱን አልተናገሩም።

በአርባቸው ዕለት ሰው ፊት ቆሜ፣ «ስልክ እያየሁ የገጨሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለቤታቸው የአጎቴን ባዶ ወንበር አዩት። «ታዲያ አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?» አሉኝ።