ቦሬ ያልደረሰው መኪና

ትናንት አንዲት ልጅ የሀገረ ሰላምን ዳገት ፎቶ ለጥፋ «በጥቅምት ተራራውን በመኪና የምንወጣው እነማን ነን?» ስትል አየሁ። እኔም አንድ ጊዜ አቅጄ ነበር...

በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ አዋሳ። ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። እኔና ባሌ ልጃችንን ታምራትን ቦሬ አጎቴ ዘንድ ልንደብቀው ጓሮ ቁጢጥ ብለን እንመክራለን።

«ከአለታ ወንዶ በላይ ያለው የሀገረ ሰላም ዳገት ነው ክፉው» አለ ባሌ። የራሱ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። «ጭቃው አልደረቀም። ወደ ኋላ ከተንሸራተትን ታምራት ከሸራው ሥር ወጥቶ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል... ከዚያ ተመልሶ ይተኛል።»

ያለ ቀበሌ ይለፍ ከከተማ መውጣት አይቻልም። ሄጄ «አጎቴ ሞተብኝ» አልኩ። ለሁለት ሰው ፈቀዱልኝ፣ ለእኔና ለባሌ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝም ያው ቀበሌ ነው። በተማርኩት እጄ ፈርሜ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን አላሰብንም። ሰው ሞተባት ሲባል ሰምቶ ዝም የሚል ጎረቤት የት አለ?

በማግስቱ ጠዋት ታምራትን ሸራው ሥር አስተኝተን ባሌ ሞተሩን ሲያሞቅ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ ገቡ። ከፊት እትዬ አስካለ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሴት።

«ምነው ልጄ፣ ሳትነግሪን?»

«እትዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እኛው ደርሰን እንመለስ።»

«ሐዘንተኛ ብቻዋን ተራራ ትወጣለች? ባሌ ሲሞት ወንዶ ገነት ድረስ አልተከተልሽኝም?»

ብለው መኪናው ላይ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዷ ወፍራም ሴት ሸራው ላይ ተቀመጠች... ልጄ ላይ! ትንፍሽ አላለም።

ጩኸቱን ሰምተው የአብዮት ጥበቃዎቹ መጡ።

«ይለፉ ለሁለት ሰው ነው! ውረዱ!» አለ አንዱ።

«ለቅሶም በይለፍ ሆነ? ያንተን እናት ማን ሊቀብርልህ ነው?» አሉት እትዬ አስካለ።

ጥበቃው ነጠላቸውን ይዞ ከላይ ወደ መሬት ጣላቸው። አንዷ ሴት እጁን ነከሰችው። እሱ በሰደፍ መታት። ሲገፋፉ ሸራው ተንሸራተተ... የታምራት እግር ታየ።

የቀረውን ቶሎ ልጻፈው። በእግሩ ጎትተው ጣሉት። ጭንቅላቱ የመኪናውን ስፖንዳ ሲመታ ድምፁ ተሰማኝ። ከወደቀም በኋላ በሰደፍ ደበደቡት። ጎማው አጠገብ የነበረውን ታኮ አንሥቼ የአንዱን ፊት አልኩት። ደሙ ልብሴ ላይ ሲረጭ ደስ አለኝ። ጓደኛው አፌን በሰደፍ መታኝ፣ የፊት ጥርሶቼ ረገፉ። ባሌ ከመኪናው ሳይወርድ አፈሙዝ አንገቱ ላይ ተደግኖበት ነበር። ታምራትን እጁን ወደ ኋላ አስረው፣ ፊቱ ደም እንደለበሰ፣ እየገፉ ወሰዱት።

እትዬ አስካለ ከጭቃው ተነሡ።

«አጎትሽስ?»

«ደህና ነው» አልኳቸው፣ ደም እየተፋሁ።

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ልጄ የወጣበትን በር አዩ፣ ደረታቸውን መቱ፣ «ወይኔ ታምራት! ወይኔ ልጄን!» ብለው ሙሾ ጀመሩ። ሴቶቹም በልጄ ስም ተቀበሏቸው።

በጥፊ መታኋቸው። እናቴ የሚሆኑትን ሴትዮ።

«ልጄ አልሞተም!»

በዚያ ጥፊ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። ታምራትም እስከ ዛሬ አልመጣም።