ሳናንኳኳ የወጡት እንቁራሪቶች

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቡታጅራ ዳር ያለውን ምንጭ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጸዱ፣ ማንም አካፋ ሳያስገባ በፊት የዳሩን ድንጋይ በዶማቸው እጀታ ሦስት ጊዜ ያንኳኩ ነበር። ከዚያ እንቁራሪቶቹ ወጥተው እስኪያልቁ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ስቸኩል፣ "ቆይ ልጄ፣ የቀረ አለ" ይሉኛል። ያናድደኝ ነበር።

ከቀበርናቸው ወዲህ ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣን። ዶማቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስንደርስ እንቁራሪቶቹ ወጥተው ባዶውን ድንጋይ ከበው ተቀምጠዋል። ውሃው አልደፈረሰም፤ ጭቃው ላይ የሰው ዱካ የለም።

"ማን ቀደመን?" አለች ጎረቤታችን ዘይነባ።

አካፋዋን ልታስገባ ስትል እጇን ያዝኩት።

"ቆዪ" አልኳት፣ "የቀረ አለ።"