ሰማይን የማይጎዳ ጋዝ

ፍሪጅ መጠገን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ሙያውን የለመድኩት ቡሬ ውስጥ ከአንድ ጠጋኝ ጎን ቁጭ ብዬ እጁን እያየሁ ነው። እሱ ያሳየኝን እኔም በተራዬ ለሌሎች አሳየሁ። ካሳየኋቸው አንዱ ኋላ ላይ ሴት ልጄን አግብቶ አማቼ ሆነ።

ሥራችን ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣ ቱቦውን ቆርጠን በውስጡ የቀረውን ጋዝ እንለቀዋለን። ፉጨቱ እስኪያልቅ ድረስ በር ላይ ቆመን እናወራለን። ሁለተኛው፣ ጋዝ የሚያሾልከውን ቦታ በእሳት እንፈልጋለን። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ላይተር ላይ አግለን ከነእሳቱ በቱቦው መገጣጠሚያ ዙሪያ ስናዞረው፣ ጋዝ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ እሳቱ አረንጓዴ ይሆናል። ያን አረንጓዴ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ላስተማርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ የማሳያቸው እሱን ነው።

ዓምና በየካቲት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ለጠጋኞች የሁለት ቀን ሥልጠና አለ ተባልንና ተሰበሰብን። እኔ ቤቴ እዚያው ፍኖተ ሰላም ስለሆነ በእግሬ ሄድኩ። አማቼ ግን ከቡሬ አልመጣም፤ ልጄ ከወለደች ገና አሥረኛ ቀኗ ነበር።

የምታሠለጥነን ወጣት ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ያወራችልን ስለ ሰማይ ነው። ከደመናው በላይ፣ ሩቅ፣ ኦዞን የሚሉት ስስ ሽፋን አለ አለች። የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚያስቀርልን እሱ ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ የሚወጣው ጋዝ ወደዚያ እየወጣ ሽፋኑን ሲበላው ኖሯል። ሽፋኑ ሲሳሳ ጨረሩ ያልፋል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ቡቃያ ይጎዳል።

እጄን አወጣሁ። «እኔ በር ላይ ቆሜ የለቀቅሁትስ? ከቡሬም ተነስቶ እዚያ ይደርሳል?»

«ይደርሳል፣ አባባ። ከየትም ቢነሳ ይደርሳል።»

ከኋላዬ አንዱ፣ «እንግዲያማ ሰማዩን የቀደዱት እርስዎ ነዎት! ቶሎ ብለው ይስፉልን!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያወጣሁትን እጅ አላወረድኩም።

እሷ ገብቷታል መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ «እየዳነ ነው፣ አባባ» አለችኝ። «አገሮች ተስማምተው ያን ጋዝ ሰማይ በማይጎዳ አዲስ ጋዝ ስለተኩት ቀስ እያለ እየዳነ ነው። የልጅ ልጆችዎ ድኖ ያገኙታል።»

የልጅ ልጅ ስትል የአሥር ቀኗ ሕፃን ፊቴ ላይ መጣች። ከአዳራሹ የወጣሁት እንደ ቀለለው ሰው ሆኜ ነው። በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩና ባለሱቁን፣ «ያን ሰማይ የማይጎዳውን አዲሱን ጋዝ ስጠኝ» አልኩት። የክንድ ያህል ቁመት ያላት ጣሳ ሰጠኝ። ጎኗ ላይ በቀይ መስመር የተከበበ የእሳት ሥዕል አለ። የፋብሪካው ምልክት መሰለኝ፤ ሌላውን ጽሑፍ ማንበብ አልቻልኩም። ያኔውኑ ለማውቀው ሹፌር ሰጥቼ ወደ ቡሬ ላክኋት። ለአማቼም ደወልኩለት።

«ከእንግዲህ በዚህ ነው የምትሠራው» አልኩት። «አትፍራው። ንጹሕ ነገር ነው፤ ሕፃን ልጅህ አጠገብ ብታስቀምጠው እንኳ አይጎዳም።»

«ጥሩ ነው፣ አባባ። ነገ መናኸሪያው አጠገብ የአንዲት መጠጥ ሻጭ ጋዙ ያለቀበት አዲስ ፍሪጅ አለ፤ በሱ እሞክረዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አሠልጣኟ ልክ እንደኔዋ ያለች ጣሳ አንስታ አሳየችን። የእሳቱን ሥዕል በጣቷ እየነካች፣ «ይኼ ሰማዩን አይጎዳም። ግን ይነዳል። እንደ ምግብ ማብሰያ ጋዝ ነው፤ ሽታ ግን የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ አጠገቡ ክብሪት የጫረ ሰው አይተርፍም» አለች።

ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ደጅ ወጥቼ አማቼ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሲሠራ ስልኩን ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ እንደሚጥለው አውቃለሁ። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ባልሽ የታል?»

«ሥራ ሄዷል፣ አባዬ። ምነው፣ ድምፅዎ?»

አራስ ናት። ምን ልበላት? «ምንም የለም፤ ስለ ሥራ የምነግረው ነገር አለኝ። እሱ ጋ የምትልኪው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ዛሬ ገበያ አይደል? ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቷል። እኔ እንኳ ደረስ ብዬ ልምጣ እንዳልል...»

«ተይው፣ ተይው፤ እዚያው ተኚ። እኔው እደርሳለሁ።»

መናኸሪያው ስደርስ የቡሬው ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነው። ረዳቱን ቶሎ እንዲያስነሣልኝ ለመንኩት።

«ሳይሞላ አንወጣም። ምነው አባባ፣ ሙሽራ ጥለው ነው እንዴ የመጡት?»

«ሰው ሊሞትብኝ ነው፣ ልጄ» አልኩት። እኔ ራሴ ድምፄን ስሰማው ደነገጥኩ። ረዳቱም ሳቁን ዋጠና የሹፌሩን በር በመዳፉ መታ። ተነሣን።

መንገዱን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አልቆጥረውም፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ማንኩሳ ላይ አንዲት ሴት የበቆሎ ጆንያ ልታስጭን አስቆመችን። ጆንያው አልወጣም ብሎ ሁለት ሰው ሲታገል፣ እኔ በጭንቅላቴ አማቼን እያየሁት ነበር። ቱቦውን በየደ። ጋዙን ሞላ። አሁን የሚያሾልክ እንደሆነ ሊያይ ነው። ሽቦውን ከኪሱ አወጣ። እጁን የማንቀሳቅሰው እኔ መሰለኝ፤ አያያዙ እንኳ የኔ ነው።

ቡሬ ስንገባ ነፋስ ነበር፤ አቧራው መንገዱን ሸፍኖታል። ከሚኒባሱ ወርጄ የምሮጠውን ያህል ሮጥኩ። የመጠጥ ቤቱ በር አቧራ እንዳይገባ ተዘግቷል። መስኮቱም እንደዚያው። ገፍቼ ገባሁ።

አማቼ ከፍሪጁ ኋላ ተንበርክኳል። ጣሳዋ ጉልበቱ ሥር ናት። ሽቦው በግራ እጁ አለ፤ ቀኝ እጁ ባዶ ነው። ቱቦውን ሲበይድ ላይተሩ አልቆበት ኖሮ፣ ባለቤቲቱ ከጓዳ ክብሪት ይዛለት ስትመጣ ነበር። ሣጥኑን ከፍታ አንዱን እንጨት አውጥታለች።

«እንዳትጭሪው!»

እንዴት ብዬ እንደጮህኩ እንጃ፣ ክብሪቱ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። «በስመ አብ! ምን ሆኑ እርስዎ?» አለች።

«በሩን ክፈቱ። መስኮቱን። ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ። መብራቱንም እንዳትነኩት።»

ደጅ ወጥተን ነፋሱ ላይ ቆምን። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። አማቼ ሽቦውን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ ሰማኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትናንት ሕፃን አጠገብ ቢቀመጥ አይጎዳም አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ጣሳዋ እኮ እስከ ጠዋት ድረስ ከአራሷ አልጋ ሥር ነበረች፣ አባባ። እዚያው ጓዳ ምድጃው እየነደደ።»

ባለቤቲቱ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ታየናለች። እሱው መልሶ፣ «ሰማዩን ለማዳን እኔን ቀድመው ሊልኩኝ ነበር ማለት ነው» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልመጣለትም። እጄን ይዞ ከድንጋዩ ላይ አስነሣኝ።

ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ሳሙና በጥብጠን መገጣጠሚያውን ቀባነው። ከታች በኩል፣ አዲስ በበየደው ቦታ ላይ፣ አረፋው ቀስ እያለ አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። ሊለኩስ የነበረው እዚያ ነው። ባለቤቲቱም አየችው፤ ወለሉ ላይ የተበተነውን ክብሪት አንድ በአንድ ለቅማ ጓዳ ሳይሆን ውጭ ወስዳ ጣለችው።

ልጄን አይቼ፣ ሕፃኗን ስሜ፣ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለሰውን መኪና ስጠብቅ መናኸሪያው ግንብ ሥር ተቀምጬ በእሳት መፈለግን ላስተማርኳቸው ሰዎች አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። መራዊ ከተማ ያለው ወዲያው አነሣ፤ እሳቱን ተው ስለው፣ «ሳሙናውንማ ከጀመርኩ ቆየሁ» ብሎ ኮራብኝ። ዱርቤቴ ያለውን ስደውል ሚስቱ አነሣች።

«ደኅና ነዎት፣ አባባ? እሱማ እዚሁ ጎረቤት ፍሪጅ ሊሠራ ገብቷል።»

«አሁኑኑ ስልኩን ይዘሽለት ሂጂ። እንዳትዘጊው።»

ጥያቄ አላበዛችም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ሌላ በር። ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ።

«አቤት፣ አባባ! በደኅና ነው?»

ሰላምታውን አልመለስኩለትም። «እጅህ ላይ ምን ይዘሃል?» አልኩት።