ተነሥቶ የሚያድር እጅ

ጋሽ አለኸኝ በየማለዳው የእንጨት ሥራ ሱቃቸውን በር ከመክፈታቸው በፊት መስኮቱ ላይ የቆመውን የእንጨት ሰውዬ ያነሣሉ። ቁመቱ ከመሀል ጣታቸው አይበልጥም። አውራ ጣታቸውን ከቀኝ እጁ ሥር አስገብተው ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይገፉታል። እጁ አይነሣም። ግራውንም ይሞክራሉ፤ እሱም አይነሣም። ከዚያ መልሰው ያቆሙትና በሩን ይከፍታሉ። ደንበኛ ግን የለም።

ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ስገባ ሰውየው ገና አልተሠራም ነበር። መካነ ሰላም ከተማ ላይ በርና መስኮቱን ብረት ቤቶች፣ ወንበሩን ደግሞ ፕላስቲክ ወስዶታል። ለጋሽ አለኸኝ የቀረላቸው የተሰበረ የአልጋ እግር መቀየር ነው። እሱንም በምስማር አይሠሩም። እንጨትን ከእንጨት ማጋጠም ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ስለሆነ ይኮሩበታል።

«ምስማር ስመታ ያያችሁኝ ዕለት እጄን ቁረጡት» ይላሉ።

«ቆርጠንስ ምን ልናደርገው፣ ወጥ አይሠራ!» ይሏቸዋል ባለቤታቸው እትዬ ብዙዬ።

አንድ ቀን ሀናን የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት መጣች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እየሰካኩ ቤት የሚሠሩባቸው ትንንሽ የእንጨት ጡቦች ይሥሩልኝ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችም ይኑሩበት። ሰዎቹ ግን እጃቸውን ማንሣት አለባቸው።»

«እጃቸውን ለምን?»

«የሚያፍሩ ልጆች አሉኝ። ትህትና የምትባል አንዲት ልጅ አለች፤ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። ሰውየው ያውጣላት ብዬ ነው።»

በልጆች እጅ ሳይሰበሩ ዓመቱን ከጨረሱ ሌሎቹም መዋዕለ ሕፃናት እንደሚያሠሯቸው ነገረቻቸው። ጋሽ አለኸኝ የአባታቸውን ሙያ ከመዘጋት የሚያድነው ይህ ሥራ ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበር። ጡቡ ቀላል ነው። የከበደው የሰውየው ትከሻ ነው። እጁ ለልጅ ጣት መላላት፣ ባነሡት ቦታ ለመቆየት ደግሞ መጥበቅ አለበት።

መጀመሪያ በጠፍር አሠሩት፤ ጠፍሩ ተለጠጠ። ቀጥለው ከወይራ በተጠረበ ችካል አጋጠሙት። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ እጁ ንቅንቅ አይልም፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይወላለቃል። ማታ እጁን አንሥተው ይተኛሉ፣ ጠዋት ወድቆ ያገኙታል።

«ዛሬም ተኛ?» ይላሉ እትዬ ብዙዬ ከጓዳ።

«ተኝቷል።»

«ባለቤቱን መስሎ ነዋ!»

መፍትሔው የተገኘው ጎማ ጠጋኙ አሕመድኑር ዘንድ ነው። ጋሽ አለኸኝ ከተጣለ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ከመነዳሪ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ቀጭን ላስቲክ ቆርጠው ለወይራው ችካል አጠለቁለት። እንጨቱ ሲያብጥ ላስቲኩ ይጨመቃል፤ ሲደርቅ ላስቲኩ ተነፍቶ ክፍተቱን ይሞላል። ግን አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ሳስቶ ስንቴ ተመላለሱ!

«ወላሂ ጋሼ፣ ያገሩ ባጃጅ ጎማ የሚፈነዳው ለእርስዎ አሻንጉሊት ሲባል ነው!» ይላቸዋል አሕመድኑር።

እንዳይሰበር ለመፈተን ሰውየውን በኮት ኪሳቸው ይዘው እጁን ሲያወጡ ሲያወርዱ ይውላሉ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ሰው መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስለው ነበር።

አንድ የጥቅምት ማለዳ እጁ ተነሥቶ አደረ። እትዬ ብዙዬ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው እልል አሉ። ጎረቤቱ «ማን ታጨ?» እያለ መጣ።

ጋሽ አለኸኝ ያን ሰውዬ ለማስታወሻ መስኮቱ ላይ አስቀሩት፤ ሌሎቹን ሠርተው ለሀናን አስረከቡ። ብዙም ሳይቆይ ተኩስ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ መዋዕለ ሕፃናቱም ተዘጋ። ሀናን ወደ ወላጆቿ ወደ አጅባር ከመሄዷ በፊት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቀሩ ብላ ሰዎቹንና ጡቦቹን ለልጆቹ አከፋፈለቻቸው። የሠፈሩ ልጆች ይዘዋቸው ከሱቁ በር ሥር መጫወት ጀመሩ።

ጋሽ አለኸኝ መላጊያቸውን እንደያዙ ሊያዩአቸው ወጡ። እኔም ከእንስራው ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ልጆቹ በጡቦቹ የሠሩት ቤት አልነበረም፤ አንድ ረጅም ግድግዳ ነው። ሰዎቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ደርድረዋቸዋል። የሁሉም ሁለት ሁለት እጅ ወደ ላይ ተነሥቷል።

«እጅ ወደ ላይ! እንዳትዞር!» የምትለው ትህትና ናት፤ ያቺ የምታፍረው። ድምፅዋ ከሁሉም ይጎላል። «ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምንም የለም። ዳቦ ልገዛ ነው» አለ አንዱ ልጅ፣ በእንጨቱ ሰውዬ ፋንታ።

«ዝም በል! አውጣ!»

እናቶቻቸው ለምሳ ሲጠሯቸው ሰዎቹን እንደቆሙ ትተዋቸው ሮጡ። ከሰዓት በኋላ የደጋው ነፋስ መጣ። አቧራው ለበሳቸው። አንድም እጅ አልወረደም።

«አየሽ?» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ። «ላስቲኩ ይዟል።»

ከዚያ ወዲህ ጡብ ያዘዛቸው መዋዕለ ሕፃናት የለም። ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደምፈልግ ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ጻፊ። ወይራውን ጻፊ፣ የአሕመድኑርን ላስቲክ ጻፊ፣ ብዙዬ እልል ማለቷንም ጻፊው። ምስማሩን ግን ተይው።»

ልጆቹ ግድግዳውን በሠሩ በማግሥቱ ጠዋት ነበር ከማዶ ሱቅ ምስማር የገዙት። ሰዎቹን ከልጆቹ ለመኑና ሰበሰቡ። የሁሉንም እጅ ወደ ታች አወረዱና በየትከሻው ላይ ምስማር መቱበት፤ የመስኮቱንም ጭምር። ለልጆቹ ሲመልሱላቸው ትህትና ገፋ ገፋ አድርጋ «ጋሼ፣ እጁ እምቢ አለኝ» አለች።

«ደክሞት ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት።

በጋ ሲገባ እንጨቱ ስለሚደርቅ ምስማር ይላላል። በየማለዳው የመስኮቱን ሰውዬ እጅ የሚገፉት ለዚያ ነው።