በእንቅልፍ ሰዓት የተፈተነ መስመር

ሥራ የገባሁ ቀን ፎርማናችን ጋሽ ተሾመ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮ እና ከእግሬ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቡት ጫማ ሰጡኝ። ማዕረጌ «ረዳት የመስመር ሠራተኛ» ነበር። ሲተረጎም መሰላል ተሸካሚ ማለት ነው።

የዚያኑ ቀን የስልክ ሽቦ አቀጣጠል አስተማሩኝ። ጫፉን ላጥ፣ ሰባት ጊዜ ጠምዝዝ፣ በናስትሮ ጠቅልል፣ ውረድ። «ከዚህ በላይ ሳይንስ የለውም፤ ሽቦ ሽቦ ነው» አሉኝ። እሳቸው ምሰሶ ላይ እኔ መሬት ላይ ስለነበርን እውነት መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ እምነት ኖርኩ። ከረዳትነት ወደ ቴክኒሺያን፣ ከዚያም ወደ ሲኒየር ቴክኒሺያን አደግኩ፤ ጡረታም ወጣሁ። እምነቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከጡረታ በኋላ በግሌ የቤት ኢንተርኔት መዘርጋት ጀመርኩ። የምሠራው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ድሬዳዋ በሙቀት ተሸንፋ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ጊዜ ነው። ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ምክንያት አለኝ። እዚህ ከተማ መሰላል ከተደገፈ ከሥሩ አማካሪ ይሰበሰባል። አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ ተሳስተሃል ይልሃል። በእንቅልፍ ሰዓት ተሳስተሃል የሚል የለም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሐሊማ አስጠሩኝ። መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሟቹ ባለቤታቸው ባለታክሲ ነበሩ። ታክሲያቸው ከዋናው ቤት ተነጥሎ በግቢው ጥግ በተሠራ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆማለች። አትነዳም፣ አትሸጥም። ዋናው ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ስለሚኖርና ሰባቱም አንድ ላይ ስለሚያወሩ፣ ሆዳን የምትባለው ልጃቸው ከታክሲዋ ጎን ጠረጴዛ አስገብታ ጋራዡን ቢሮ አድርጋዋለች።

«ጋሼ፣ ዋይፋዩ እዚህ አይደርስም» አለችኝ። «ሐሙስ አሥር ተኩል ላይ የሥራ ፈተና አለብኝ። ውጭ አገር ላሉ ሐኪሞችና በሽተኞች በኢንተርኔት ማስተርጎም ነው። በሦስት ቋንቋ ይፈትኑኛል። መስመሩ ከተቆረጠ ወደቅኩ ማለት ነው። ታደርስልኛለህ?»

አንቱ አለማለቷ አልከፋኝም፤ ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። «በሽቦ ነው የምሠራልሽ። ሺህ ዓመት አይቆረጥም» አልኳት።

ዋናው ቤት ካለው ራውተር እስከ ጋራዡ አርባ አምስት ሜትር ነው። ከሌላ ሥራ የተረፉ ሁለት ቁራጭ ኬብሎች ነበሩኝ፤ አንዱ ሃያ ስምንት ሜትር፣ አንዱ ሃያ። ወጥ ኬብል ለመግዛት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር መሄድ ነበረብኝ፣ በዚያ ፀሐይ። ሰነፍኩና ቀጠልኳቸው። በውስጡ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ላጥኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። አዲስ ምሰሶ ላለመትከል ደግሞ ለጋራዡ መብራት ከሚሄደው የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። የመስመር መፈተሻ ቴስተሬን ሰካሁ። የስምንቱም ሽቦ መብራት በራ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር፤ ከግቢው ድመት በቀር የነቃ የለም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆዳን ደወለች።

«ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ። ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። የማስተረጉምላት ሴት ‹ልጄ አይተነፍስም› እያለች እኔ የለሁም። ለፈተና ያዘጋጇት ናት፤ ግን እውነት ብትሆንስ?»

የሚፈትናት ድርጅት ሰዎች አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጥተዋታል፤ በሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት። ከዚያ ወዲያ የለም።

በማግስቱ ሄድኩ፣ እንደ ልማዴ ስምንት ሰዓት ላይ። ፈተንኩት፤ እንደ ጉድ ይሠራል። «የታመመው ኮምፒውተርሽ ነው» አልኳት አፌን ሞልቼ። ምስኪን ወንድሟ የራሱን ኮምፒውተር ታቅፎ ከጅጅጋ በአውቶቡስ መጣ። በሱም ተቆረጠ። ተጠራሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ፤ ይሠራል።

«አየሽ?» አልኳት።

«አንተ ስትመጣ ይሠራል፣ ስትሄድ ይጠፋል» አለች።

ወይዘሮ ሐሊማ ወደ ታክሲዋ እያዩ፣ «ሟቹም እንዲሁ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚታዘዘኝ» አሉ።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ስምንት ሰዓት ላይ ፈትኜ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ሆዳን በሩን ዘግታ ቆመች።

«ዛሬ አትሄድም። እስከ አሥር ተኩል እዚሁ ትቆያለህ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኮ እኔም እተኛለሁ።»

«ታክሲዋ ውስጥ ተኛ።»

የኋላው ወንበር ላይ ተጋድሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ በመዶሻ ድምፅ ባነንኩ። ግንብ የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ከድር ብየዳ ቤት አለው፤ እንደ ከተማው ሁሉ ከምሳ በኋላ ተኝቶ መነሳቱ ነው። በቆርቆሮው ሽንቁር የብየዳው ብልጭታ ሲገባ፣ ኬብሉ ከኮምፒውተሩ በተሰካበት ቦታ ያለችው አረንጓዴ መብራት ድርግም አለች። ብልጭታው ሲቆም በራች። ደግሞ ብልጭ አለ፤ ደግሞ ጠፋች።

ያኔ ገባኝ። የከድር መበየጃና የጋራዡ መብራት ከአንድ መስመር ነው የሚስቡት። መበየጃው የሚያስነሳው ሁከት በኤሌክትሪኩ ገመድ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ኬብሌን ከሱ ጋር አስሬ፣ መሃሉን ልጬ ጠምዝዤ ጠብቄዋለሁ። የፈተንኩትም ሁልጊዜ ከድር ተኝቶ ሳለ ነው። ሆዳን መብራቷን አየች፣ እኔን አየች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ከድር ሮጥኩ። «አቦ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ አቁምልን!»

«ወላሂ አልችልም» አለኝ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «የመስጊድ በር ነው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ቃል ገብቻለሁ።»

የሰውየው ሥራ እውነት ነው፤ የኔ ነው ውሸቱ። ባጃጅ ይዤ ደቻቱን ተሻገርኩ። ከዚራ ስደርስ ባለሱቁ ገና ዓይኑን እያሸ ቁልፍ ይከፍታል። ሃምሳ ሜትር ወጥ ኬብል ይዤ ስመለስ አሥር ሰዓት አልፏል።

መሰላል አላነሳሁም። ከኤሌክትሪኩ ገመድ ማዶ ባለው ግንብ ሥር መሬት ለመሬት ጎተትኩት፤ በታክሲዋ አንዱ መስኮት አስገብቼ በሌላው አወጣሁት። ወይዘሮ ሐሊማ ማንም እንዳይረግጠው መጥረጊያ ይዘው ቆሙ። በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ አሰርኩ። አሥር ከሃያ አምስት ላይ ሰካሁት። ከድር ይበይዳል፤ መብራቷ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ጋራዡ ደጃፍ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ሆዳን አርባ ደቂቃ ከሶማልኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ስትሻገር ሰማሁ። ያቺ «ልጄ አይተነፍስም» የምትለው ሴት እንደገና መጣች፤ ሆዳን ሳትደናቀፍ አደረሰችላት። እንባዬ መጣ፤ የምደብቀው የለኝም።

በሩ ተከፈተ። «ጨረስኩ» አለች።

«ኮምፒውተርሽ ምንም አልነበረበትም» አልኳት። «በመጀመሪያው ፈተና የጣልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አቦ። እስክትናገረው ነበር የጠበቅኩት።»

ሥራውን አገኘች። ዛሬም ከዚያች ታክሲ ጎን ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ኬብሉን በቱቦ አድርጌ ቀበርኩላት፤ የፈተንኩትም አሥር ተኩል ላይ፣ ከድር እየበየደ ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አጭር ነው። መስመር የሚፈተነው ባለቤቱ በሚጠቀምበት ሰዓት ነው። ደንበኛው ተቆረጠ ካለ፣ ተቆርጧል።