አጎቴ የሚነክሰው ጎማ

አጎቴ በነፋስ የሚበር ካይት ሲሠራ ከሁሉ በፊት ጎማ ይነክስ ነበር። የካይቱን ሸንበቆዎች እርስ በርስ የሚያጋጥመው ቆራርጦ ባዘጋጀው የባጃጅ ነዳጅ ማስተላለፊያ ጎማ ነው። ስለዚህ ፒያሳ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ጥቅሉን ሁሉ በጥርሱ ይሞክራል። «ኧረ አያ፣ ጎማ እኮ ነው፣ ዳቦ አይደለም!» ይለዋል ባለሱቁ። የጥርሱ ምልክት ወዲያው ከጠፋ አጎቴ «ሸጋ!» ይላል። ካልጠፋ ግን «እትፍ! ይሄስ በድን ነው» ብሎ እዚያው ይተፋል። አብሬው ቆሜ ስንት ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብያለሁ።

እሑድ አጎቴ ከሞተ አርባው ነበር። የአክስቴ ልጅ «ለመታሰቢያው ይሁን» ብሎ ከሱቅ የገዛውን የሚያብረቀርቅ ካይት አዘዞ ሜዳ ላይ ለቀቀው። መገጣጠሚያው ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ ያውም በማጣበቂያ የተለደፈ። ገና የመጀመሪያው ነፋስ ሲነካው ተሰነጠቀና ካይቱ በአፍንጫው ተተከለ። ዘመዶቼ ግን በስልካቸው ቀርጸው አጨበጨቡ።

«ነፍሱን ይማር፣ ምን ዓይነት ትዕግሥተኛ ሰው ነበር!» አለ አንዱ።

ትዕግሥተኛ! እሱ? የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ አንሥቼ ነከስኩት። የጥርሴ ምልክት እንደታተመ ቀረ። አጎቴ እንዲተፋልኝ ሳላስበው ወደ ጎኔ ዞርኩ። ማንም የለም።

ራሴ ተፋሁ።

«ምነው ልጄ፣ በሙት መታሰቢያ ላይ ይተፋል?» አለች አክስቴ።

«የሚተፋው ሰው ሞቶ እኮ ነው፣ እቴቴ» አልኳት።