የማለቢያ ቀሚስ

እናትነሽ ቅናተኛ መሆኗን ለማወቅ ጎረቤት መጠየቅ አያስፈልግም፤ እሷም አትደብቀውም። ባሏ ኃይለኢየሱስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት ቅቤ ቀምሶ «ይኼ ነው ቅቤ!» ስላለ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ወጡን ታቀርብለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ጨነቀውና «ለካ ቅቤው ሻግቶ ኖሯል» አለ። ያን ጊዜ ሳቀች፤ ታረቁ። ያ ቅቤ የጎረቤቷ፣ የጌጤ እናት ቅቤ ነበር። ጌጤ ያኔ ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች።

በላም ሲመጡባት ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ ከጎረቤላ በላይ ወዳለው ብርዳም መንደር ስትመጣ፣ አባቷ አንዲት ጊደር አስከትለው ነው የሸኟት። የዚያች ጊደር ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ ዘሩ ሳይቋረጥ ወለላ ላይ ደረሰ። ወለላ አራተኛዋ ናት፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ዐይነ ግቡ ላም። እናትነሽ ልጆቿን ለአሳዳጊ ትታ ገበያ ውላ ታውቃለች። ላሞቿን ግን አንድ ቀንም ሌላ ሴት አላስነካችም።

ጥር ላይ ወለላ ውርጭ ካረጠበው እርከን አዳልጧት ወደ ታች ተንከባለለች። ከሞት ተረፈች፤ የፊት እግሯ ግን ተሰብሮ አንካሳ ሆነች። ባየው የሚባል ጎረቤቷ ቢላዋ ሊስል ምንም አልቀረው።

«እትዬ እናትነሽ፣ እግዜር የላከውን ቅርጫ አንመልስ። ለስድስት ቤት ትበቃለች፤ ሻኛው ላንቺ።»

«ያንተን ሻኛ ይቃረጡት!» አለችው።

ደግሞስ በምን አቅሟ ታስታምማት? ልጇ ሀብታሙ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቶ በዓል ካልሆነ አይመጣም። ወለላን ቀስ እያለች እየነዳች ወደ ዶክተር ወልደሩፋኤል ግቢ ወሰደቻት።

ዶክተር ወልደሩፋኤል ዕድሜውን ሁሉ ደብረ ብርሃን የከብት ሐኪም ሆኖ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የአባቱን መሬት አጥሮ ለተጣሉ ከብቶች መጠለያ ያደረገ ሰው ነው። ያረጀ በሬ፣ ጭነት ጀርባዋን የላጠው ገጣባ አህያ፣ ዐይኗ የጠፋ በቅሎ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አገሬው «የከብት ጡረታ ቤት» አለውና ሳቀበት። «እኛ ሳንጦር አህያ ጡረታ ወጣች!» ተባለ። ኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ዶክተሩ የታመመ ከብት ላለው ሁሉ ሳይታክት ይመጣል፤ የግቢውን ፍግም ለማሳው ለፈለገ በነጻ ይሰጣል። በዚያ ፍግ የባየው ገብስ እስከ ደረቱ ሲደርስለት፣ ማንም ሳያዝዘው ከአውድማው አንድ ሸክም ገለባ ተሸክሞ ለግቢው ከብቶች ወሰደላቸው። በዓመቱ መንደሩ ሁሉ ተከተለ። አሁን ታኅሣሥ ላይ ገብስ ተወቅቶ ሲያበቃ ለጡረታ ቤቱ ገለባ ያላዋጣ ሰው እንደ ንፉግ ይታያል።

ወለላ በግንቦት እዚያው ግቢ ወለደች። እናትነሽም ጠዋት ማታ እየሄደች ራሷ ታልባት ነበር። በነሐሴ ግን ቁርጥማቱ ጣቶቿን እንደ ዶሮ እግር ቆልምሞ አስቀራቸው። ጡት መያዝ አቃታት። የግቢው ተንከባካቢ ደግሞ ማን ሆነችና? ጌጤ! ያቺ የቅቤዋ ሴትዮ ልጅ!

ላም የምታውቀው ሽታ ነው። ለዚህ ነው የዚያ አገር ሴት ስታልብ ብቻ የምትለብሰው አሮጌ ቀሚስ ያላት። አይታጠብም፤ የወተቱ፣ የበረቱ፣ የላቧ ሽታ ተጋግሮበት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ባለቤቲቱ ስትታመም ሌላዋ እሱን ለብሳ ትገባለች፤ ላሟም ያቺው መስላት ወተቷን ትለቃለች። እናትነሽ ቀሚሷን ለጌጤ ስትሰጥ «ስታልቢ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ እንዳትለብሽው» ብላ አስጠነቀቀቻት። ማታውን ግን እራቷን ሳትነካ ተኛች።

ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። በኅዳር እናቷን ጅብ የበላባት ውርንጭላ ወደ ግቢው መጣች። የመንደሩ ልጆች ትርፌ አሏት። ከወለላ ጥጃ የሚተርፈውን ወተት ጌጤ እያለበች፣ በውሃ እየበረዘች፣ ትርፌን በጡጦ ታጠባት ጀመር።

የገለባው ቀን ደረሰ። መንደሩ ሸክሙን አውርዶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቷል። እናትነሽ እንደ ልማዷ ጨው በመዳፏ ይዛ «ነይ ወለላ» አለች። ወለላ እያነከሰች መጣች። መጣች፣ መጣችና መዳፏን አልፋ ሄዳ ራሷን ጌጤ ብብት ውስጥ ወሸቀች።

ባየው ጠላውን ከአፉ አነሣ። «ጌጤ፣ ላምሽ ናፍቃሻለች!»

ላምሽ? እናትነሽ ወደ ባየው ዞረች። «የማን ላም እንደሆነች ጠፋህ አንተ?»

«ኧረ እኔ ምን አወቅሁ እትዬ፤ ላሟን ጠይቂያት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌጤ ክፋት የላትም፤ ግን እሷም ሳቀችና «እትዬ፣ ጨውሽን ወዲህ በይው፣ እኔ ላልስልሽ» አለች።

«ቀሚሴን አምጪ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

ቀሚሱን በብብቷ ሸጉጣ ቀጥታ ወንዝ ወረደች። አንዴ በሳሙና፣ አንዴ በእንዶድ፣ የጌጤ ሽታ ጭራሽ እንዲጠፋ በማይሠራ ጣቷ አሸችው፤ ድንጋይ ላይ ወቃችው። በአጥሩ ላይ ስታሰጣው ልቧ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ባየው ሲያልፍ «ወለላ ጌጤን በእርግጫ ብላ ማለቢያውን ደፋችባት» ብሎ ነገራት። እናትነሽ ለአፏ «ውይ! ተጎዳች?» አለች። ውስጧ ግን በእልልታ ሊፈነዳ ነበር። ያን ቀን ለብቻዋ ስታንጎራጉር ዋለች። በሁለተኛውም ቀን ወለላ ለጥጃዋ እንጂ ለሰው ወተት አልለቅ አለች። እናትነሽ አሁንም አልከፋትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጌጤ ራሷ ደጇ ቆመች። ዐይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ትርፌ ተኛች፤ አትነሣም። ዶክተሩ የዱቄት ወተት አመጣላት፤ ተቅማጥ ለቀቀባት። በዚህ ውርጭ የመንደሩ ላም ሁሉ ነጥፏል። እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ቀሚሱን መልሺልኝ።»

እናትነሽ ወደ አጥሩ ዞር አለች። ቀሚሱ ነጭ ሆኖ በንፋስ ይወዛወዛል።

«ታጥቧል» አለች።

«አጠብሽው?»

«አጠብኩት።»

ጌጤ አልተሳደበችም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተመለሰች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። እናትነሽ ቀሚሱን አወረደች፤ ለበሰችው። ከኋላዋ ተከተለች።

ግቢው ሲደርሱ ትርፌ ገለባ ላይ ተዘርግታለች። የጎኗ አጥንት ይቆጠራል፤ ዝንብ ዐይኗ ላይ ሲያርፍ እንኳ አታባርርም። እናትነሽ ቶሎ ፊቷን አዞረችና ወደ ወለላ ሄደች። ወለላ ቀሚሱን አሸተተች፣ እፍ ብላ ተነፈሰችና ጀርባዋን ሰጠቻት። የእንዶድ ሽታ! የሃምሳ ዓመት በረት በአንድ ከሰዓት ታጥቦ ሄዷል። ጌጤን አጥባ ልታወጣ ራሷን አጥባ አወጣች።

ቁጢጥ ብላ የወለላን ጡት ያዘች። ጣቷ አልታጠፈም። እንደገና ሞከረች፤ ወለላ እግሯን አነሣች።

«ነይ አንቺ፣ ተቀመጪ» አለች በመጨረሻ። ቃሉ እንደ እሬት መረራት። «አንቺ እለቢ። እኔ አነጋግራታለሁ።»

ጌጤ ተቀመጠች። እናትነሽ ግንባሯን ወለላ አንገት ላይ አስደግፋ፣ እናቷ ስታልብ የምትለውን፣ እሷም ለአራቱም ላሞቿ ያለችውን፣ በዝግታ ጀመረች።

*ነይ ወለላ ነይ ነይ፣ ነይልኝ በማታ፣*
*ሣርሽን አኖርኩልሽ ከበረቱ ቦታ።*

የወለላ ጆሮ ቆመ።

*ሁለቱ ለልጅሽ፣ ሁለቱ ለእኔ፣*
*አትሰስቺ እናቴ፣ ይድረስ ለወገኔ።*

ወለላ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች፤ ቆዳዋ ላላ። ማለቢያው ውስጥ ወተቱ ቿ፣ ቿ ማለት ጀመረ። እናትነሽ ቁልቁል የጌጤን ጣቶች አየች። ቀጥ ያሉ፣ ጉልበት ያላቸው ጣቶች፤ ልክ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የእሷ እንደነበሩት። ሦስተኛው ስንኝ ከምላሷ ጫፍ ደረሰ።

*የእናትሽን እናት ያለብኳት እኔ ነኝ፣*
*ሌላ እጅ ቢነካሽ እግርሽን አንሺልኝ።*

ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው። ተመልሳ የመጀመሪያውን አለች፤ ሁለተኛውን አለች፤ ማለቢያው እስኪሞላ እያመላለሰች ሁለቱን ብቻ አለች።

ትርፌ የመጀመሪያውን ጡጦ ተኝታ፣ ሁለተኛውን አንገቷን አቅንታ ጠጣች። ከሰዓት በኋላ በአራት እግሯ ቆማ ስትንገዳገድ ዶክተር ወልደሩፋኤል እንደ ልጅ አጨበጨበ። «እማማ እናትነሽ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» አላት። እሷ ቀሚሱን አጥባው እንደነበር አልነገረችውም። ጌጤም አልነገረችውም።

ማምሻውን ልትሄድ ስትል ጌጤ ስልኳን አወጣች። «እትዬ፣ ዜማሽን ልቅዳው። በዚህ ብርድ በየቀኑ ከምትመላለሺ እኔ የተቀዳውን እየከፈትኩ አልባታለሁ።»

እናትነሽ ስልኩን በጎሪጥ አየችው። ቀሚሱ ሄደ፣ እጁ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ድምፁ?

«ላም ስልክ ታውቃለች እንዴ?»

«እንሞክረዋ!»

እምቢ ማለት ነውር መሰላት። ጉሮሮዋን ጠርጋ ሁለቱን ስንኞች ለስልኩ አለችለት።

«ይኼው ነው እትዬ? ሌላ የለውም?»

«ይኼው ነው።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። እናትነሽ ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ ተከናንባ፣ በትሯን ይዛ፣ ጌጤ ስልኩን ከኪሷ ሳታወጣ ለመድረስ በአቋራጩ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች።